የዘበኛው ጃኬት

ሻባት፣ የቅዳሜው ሰንበት፣ ሊገባ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። በእስራኤል፣ በሀደራ ከተማ ሚሽታራ፣ ማለትም ፖሊስ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለደግ ነገር የደወለልኝ ሰው የለም።

«አንዳርጌ፣ ቶሎ ና» አለችኝ ሺራ። ሺራ ረዳቴ ናት፤ እዚሁ ሀደራ፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ ሳትደባልቅ መናገር ግን አይሆንላትም። «አንድ ሾሜር ሞቶ ተገኘ። ዘበኛ። ከኛ ሰው ነው።»

ከኛ ሰው ማለት ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተ እስራኤል ማለት ነው። እኔ ባላውቀው አክስቴ ታውቀዋለች።

ቦታው ባሕሩ ዳር፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ወዲህ፣ አሸዋው ላይ ነው። ፋብሪካ ይሉታል እንጂ ተመርቶ የሚወጣ ዕቃ የለውም። ከቤት የሚበልጡ ማራገቢያዎች በሦስት ረድፍ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ አየር ይስባሉ። አየሩ የማር ሰፈፍ በመሰለ ማጣሪያ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ማጣሪያውን ያሞቁትና ጋዙን አስለቅቀው ይጨምቁታል፤ ከዚያ ጥልቅ መሬት ውስጥ ይቀብሩታል፣ ድንጋይ ሆኖ እንዲቀር። ዓለምን ያሞቃት ጋዝ ከሰማይ ተመልሶ ይለቀማል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ሥራ አስኪያጁ ዮራም ነው፤ ሬሳው ገና ሳይነሳ።

«ከአስር ሺህ እጅ አየር ውስጥ ጋዙ አራት እጅ ብቻ ነው» አለኝ። «ያቺን ለመልቀም ስንት አየር ማለፍ እንዳለበት አስብ። እሁድ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ከወደዱት በባሕሩ ዳርቻ ሁሉ አርባ እንዲህ ያለ እንሠራለን።»

«የሞተው ሰው የት ነው?» አልኩት።

ከማራገቢያዎቹ ኋላ ጋዙ የሚጨመቅበት ቤት አለ። ወለሉ ከመሬት በታች ነው፤ በሰባት ደረጃ ይወረዳል። ዘበኛው፣ ፈጠነ ይባላል፣ ከመጨረሻው ደረጃ ሥር በደረቱ ተኝቷል፤ ሁለቱ እጆቹ ወደ ላይ ተዘርግተው ደረጃው ላይ ቀርተዋል። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ሰው፣ በሸሚዝ ብቻ። ቁስል የለበትም።

«ጋዙ ሽታ የለውም» አለ ሬሳውን የሚመረምረው ሐኪም። «ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ሲበዛ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል።»

«ማስጠንቀቂያ የለም እንዴ?»

ዮራም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ። «አለ፣ ግን አልጮኸም። የበሩ ካሜራም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ተሰርዟል፤ የተሰረዘውም በፈጠነ የይለፍ ቃል ነው። እዚህ ታች ደግሞ ዘበኛ ሥራ የለውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን አዝኖ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይህ ሰው ራሱን ነው ያጠፋው።»

ሬሳውን ያገኙት የፈጠነ ሚስት ወንድም፣ ጋሽ ጋቢ ናቸው። ፈጠነ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሶ ቤቱ መግባት ነበረበት፤ ሲቀር ፍለጋ መጡ። ውጭ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይዘዋል።

«ጋሽ ጋቢ፣ ከዚህ በፊት ጠዋቱን የት ነበሩ?»

«ቤቴ» አሉ፤ ግን አላዩኝም።

ሻባት ከመግባቱ በፊት ቤት ኤሊዔዘር የሚባለው ሰፈር ደረስን። የፈጠነ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ሚስቱ እትዬ ጥሩአለም በጎረቤት ሴቶች ተከበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አባቴን ያውቁታል። በፈረንጅ በሰማንያ አምስት አብረው ነው በሱዳን በኩል የመጡት።

«እንግዲያው ወንድሜ ነህ፣ እለምንሃለሁ» አሉና እጄን ያዙ። «ሬሳውን መርምሩት፣ ግድ የለም። ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። ራሱን አጠፋ ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ጥሎኝ ሄደ ብዬ እንዴት ልኑር?»

አንጀቴን በሉት። ግን መርማሪ ነኝና ሌላም ነገር ሰማሁ። ስለ ራስ ማጥፋት ያወራው ዮራም ነው፤ ያወራውም ለእኔና ለሺራ ብቻ። በዚህ ቤት ያንን ቃል ማን አመጣው?

ደረጃውን ስንወርድ ሺራ «የሚደብቁት ነገር አለ» አለች።

«አለ።»

«ዶዱ፣ አጎትየው፣ ደግሞ ዋሽቷል። ናኾን? ልክ አይደለሁም?»

«ጋሽ ጋቢ በያቸው።»

«ቤሴደር፣ እሺ። ጋሽ ጋቢ ዋሽተዋል።»

እሁድ ጠዋት መረጃው ቀረበ። የጋሽ ጋቢ መኪና ዓርብ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጊቫት ኦልጋ ውስጥ ነበረች፤ አራት ቤት ደጃፍ ቆማለች፣ በያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ። አራቱንም ቤት ሺራ ደውላ ጠይቃ አራቱም «አላየነውም» ብለዋታል። አራት ሽማግሌ አንድ ዓይነት ውሸት! ሺራ ዓይኗ በራ፤ ትልቅ ሴራ ያገኘች መስሏታል። እኔም፣ አልደብቅም፣ መስሎኛል። ጋሽ ጋቢን አስጠራኋቸው።

«ጋሽ ጋቢ፣ እርስዎን መጨቃጨቅ ያሳፍረኛል። ቤቴ ነበርኩ አሉኝ፤ መኪናዎ ግን ሌላ ትላለች። ከፈጠነ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

ሰውየው «መርዶ ነበር» አሉ።

«የማን?»

«የእት ዘቢደር። የፈጠነ ታላቅ እህት። ማክሰኞ ጎንደር ላይ ዐረፈች። እናታቸው ሲሞቱ እሱን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። የባሏ ወረቀት አልተሟላም ተብሎ እዚያው ቀረች፤ ፈጠነ ያመጣኛል እንዳለች ሞተች።»

ኧረ እኔን ምን ነክቶኛል! አራት ቤት፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ አራት ሽማግሌ፣ አንድ ዓይነት ዝምታ። አባቴ በሞተ ጊዜ የእኔንም ደጃፍ እንዲህ ተሰብስበው ነው ያንኳኩት። ይህንን የማያውቅ ሌላ መርማሪ ቢሳሳት አይፈረድበትም፣ እኔ ግን ምን ሰበብ አለኝ?

«ሬጋ፣ ቆይ፣ አልገባኝም» አለች ሺራ። «ለምን በስልክ አልነገራችሁትም?»

«ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ አይሰማም ልጄ» አሏት ጋሽ ጋቢ። «ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ረቡዕ ነው ወሬው የደረሰኝ። ሐሙስና ዓርብ በማለዳ ሥራ ይገባል፤ ሻባት ላይ ደግሞ ለቅሶ የለም። ስለዚህ እሁድ ጎህ ሲቀድ ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። ዓርብ ሽማግሌዎቹን ስጠራ ነበር። ለማንም እንዳይተነፍሱ አስምያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ያንን ለእኔ ለምን ይደብቁኛል?» አልኳቸው።

እንባቸው መጣ። «ፈጠነ ዓርብ ዓርብ ወደ ጎንደር ይደውላል። እህቱን ሻባት ሻሎም ሳይላት ውሎ አያውቅም። ስልኩን እናንተ አይታችሁታል።»

አይተነዋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጎንደር ደውሏል፤ አራት ደቂቃ አውርቷል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም ነው።

«የሚያነሳው የዘቢደር ልጅ አስማረ ነው። እንዳትነግረው ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ግን ልጅ ነው፣ ሆዱ አልቻለ ይሆናል። ፈጠነ ብቻውን፣ ማንም በሌለበት ሰምቶ ነው እዚያ ጉድጓድ የወረደው። ጥሩአለምም እንዲሁ ነው የምታስበው፤ ዓርብ ስትጮህብኝ ነገርኳት። እሁድ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«አስማረን ለምን አልጠየቁትም?»

«ምን ብዬ? እናቱን ከቀበረ ሳምንት አልሞላውም። አጎትህ ሲሰማ ምን አለ ብዬ ስጠይቀው፣ ምን ሆነ አይለኝም? የፈጠነን ሞት በስልክ ላርዳው?»

እዚህ ያሉት ለጎንደሩ ይደብቃሉ፤ የጎንደሩ ለዚህኛው ይደብቅ ነበር፤ እውነቱን የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ። እኔ ፖሊስ ነኝ፣ ቁጥሩ ፊቴ ተቀምጧል። ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። መልሱን ፈርቼዋለሁ፤ ለዚያ ልጅ የምለውም ጠፋኝ።

ራስ ማጥፋት ነው ብዬ ወረቀቱን ልዘጋው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ያስቆመኝ የሬሳው የልብስ ዝርዝር ነው። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ቀበቶ፣ ነጭ ሶል ያለው ጫማ።

«ሺራ፣ ዓርብ ጠዋት ስንት ዲግሪ ነበር?»

«አስር ምናምን። ኮር ነበር፣ ቀዝቅዞ።»

«ይህ ሰው በጥር ወር በባሕር ዳርቻ ያለ ጃኬት ዘብ ይቆማል?»

ካሜራው ላይ ያልተሰረዘውን የጠዋት ክፍል ከፈተች። ፈጠነ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሲገባ ሰማያዊ የዘበኛ ጃኬት ለብሷል። ጃኬቱ የዘብ ቤቱ ውስጥ የለም፣ ሬሳው ላይ የለም፣ ቆሻሻ መጣያውም ውስጥ አልተገኘም። ሊሞት የወረደ ሰው ጃኬቱን ይጥል ይሆናል እንጂ ከሞተ በኋላ ይዞት አይሄድም። ሌላ ሰው እዚያ ነበረ ማለት ነው።

ተመልሰን ሄድን። እንግዶቹ ቀርተዋል፤ ማራገቢያዎቹ ቆመዋል። አየሩ ከተለካ በኋላ ታችኛው ቤት ገባንና ደረጃው ላይ በአራት እግሬ ሄድኩ፤ ጉልበቴ ይህን አይወድም፣ ሲሰድበኝ ዋለ። ከታች ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ደረጃ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት ጥቁር ጭረት አለ፣ የተጎተተ ተረከዝ የሚተወው ዓይነት። የፈጠነ ጫማ ሶል ነጭ ነው።

«አንዳርጌ፣ ይህን እይ» አለች ሺራ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ። የጋዝ ማስጠንቀቂያው ሳጥን በእኔ ዓይን ልክ ተሰቅሏል፤ ብሎኖቹ አዲስ ናቸው። እሷ የምታሳየኝ ግን ከታች፣ በቅልጥም ልክ፣ በስቱኮ የተደፈኑ አራት ቀዳዳዎች ነው። ስቱኮው ጥፍር ያስገባል፣ ገና አልደረቀም።

«ጋዙ ወለል ላይ ነው የሚተኛው ብሏል ሐኪሙ» አለች። «ማነው ወደ ላይ የሰቀለው?»

ዮራምን ጠየቅሁት። ስለ ብሎን የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ዓርብ ዕለት ከፈጠነ ሌላ ማን ነበር አልኩት።

«አቪቻይ፣ መሐንዲሱ። ግን አራት ሰዓት ላይ ወጥቷል። ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ በአራት ሰዓት ከሃያው ባቡር ሃይፋ ሄዷል።»

«ቃል በቃል ታስታውሰዋለህ» አልኩት።

ሺራ የአቪቻይን የባቡር ካርድ መዝገብ አስወጣች። ጣቢያው የገባው በአራት ከሃያ አይደለም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

አቪቻይ ሃይፋ ከወላጆቹ ጋር ይኖራል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ግዙፍ ልጅ፣ ዘጠና ኪሎ አያንሰውም። በሩን ሲከፍትልን ለሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት አየሁ። መታወቂያ ስጠይቀው ወደ መደርደሪያው ተንጠራራና እጁን ከግማሽ መንገድ መለሰው፤ ጥርሱን ነከሰ።

«ሸሚዝህን ክፈት» አልኩት።

ከሁለቱ ብብቶቹ ሥር እስከ ደረቱ ድረስ እንደ ገመድ የዞረ ሰንበር አለ፣ ጠቁሯል።

«ጃኬቱ የት ነው አቪቻይ?»

ሳይከራከር ወደ ክፍሉ ገባ። ሰማያዊውን ጃኬት ይዞ ወጣ። ሁለቱ እጅጌዎች አሁንም እንደተቋጠሩ ናቸው።

«መፍታት አቃተኝ» አለና ተቀመጠ። ከዚያ የመጣው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣ።

«ማስጠንቀቂያው ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህ ነበር። ቫልቩ ትንሽ ያስተነፍሳል። በጮኸ ቁጥር መሣሪያው ሁሉ ይቆማል። ዮራም፣ እንግዶቹ ፊት ከጮኸ አለቀልን፣ ወደ ላይ ስቀለው፣ ቫልቩን ከእሁድ በኋላ እንቀይራለን አለኝ። ሐሙስ ሰቀልኩት። ዓርብ ልሄድ ስል አንዴ ልየው ብዬ ወረድኩ። ጎንበስ አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው…»

«ቀጥል።»

«ደረጃው ላይ ነኝ፣ ደረቴ ታስሯል፣ ሰው ይስበኛል። ፈጠነ ነው። ያንን ሽማግሌ አንተ አይተኸዋል፣ የእኔን ግማሽ አይሆንም። ላይ ሲደርስ መድረኩን ማለፍ አቃተው፣ ጉልበቱ አለቀ። ከዚያ ከእኔ በታች ወረደና እግሬን ከሥር ገፋኝ። እጁ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። ራሴ ወደ ውጭ ወጣ፣ አየር አገኘሁ። ከዚያ እጁ ለቀቀኝ።»

ሺራ ፊቷን አዞረች።

«አምቡላንስ ለምን አልጠራህም?»

«ለዮራም ደወልኩ። እንዳትወርድ፣ አንተም ትሞታለህ፣ አምቡላንስ እኔ እጠራለሁ፣ አንተ ቦታውን ልቀቅ፣ አልነበርክም አለኝ። ከአሸዋው ክምር ኋላ ተቀመጥኩ። ሳይረን እስኪሰማ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ከዚያ… ከዚያ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።»

«ስልክ በእጅህ ይዘህ።»

«አዎ።» ፊቱን ሸፈነ። «ዓለምን የሚያድን ሥራ ነው ብዬ ነው የገባሁበት።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ያ ቀጭን ሰው የሞተለትን ልጅ ሰድቤ ምን አተርፋለሁ? ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ያቺ ሃያ ደቂቃ ናት፤ እስከ ዛሬ ታበግነኛለች።

ዮራምን በዚያው ቀን ያዝነው። የካሜራው ምስል የተሰረዘው በፈጠነ የይለፍ ቃል ነው፣ እውነት ነው፤ የተሰረዘው ግን ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከዮራም ቤት ኮምፒውተር ነው። ይህን ሳነብለት ስለ አርባዎቹ ፋብሪካዎች ሊነግረኝ ጀመረ። ይበቃል አልኩት።

ፈጠነ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ተቀበረ። መቃብሩ ላይ ለጋሽ ጋቢ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ሰው አድኖ ነው የሞተው አልኳቸው። እንባቸው ዝም ብሎ ወረደ። ለእትዬ ጥሩአለም ግን በማግስቱ፣ ሰኞ ማለዳ፣ አራቱ ሽማግሌዎች ባሉበት ይነገራቸው አሉ። እንደ ወጉ ሄድን። ጋሽ ጋቢ ጀመሩ፣ እኔ ጨረስኩ። ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ሰባቱ ደረጃ፣ ስለ እጁ ምንም አላስቀረሁም።

እትዬ ጥሩአለም አላለቀሱም። «ልጁ ተረፈ?» አሉ።

«ተርፏል።»

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ የሚበቃቸው መስሎኝ ነበር። ቆይተው ግን «የእህቱን ሰምቶ ነበር?» አሉኝ። «ያንን ልጅ ያወጣው መሞት ግድ ስላልሰጠው ነው? ወይስ ሊመለስ አስቦ ነው የወረደው? እሱን ካላወቅሁ አንዱም አይገባኝም። ወንድሜ፣ ደውልልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ማንም አትደውል አላለኝም። ደወልኩና የስልኩን ድምፅ ከፍቼ መሐላችን አስቀመጥኩት። ጎንደር ላይ አንድ ወጣት አነሳው።

«አስማረ ነህ? የጋሽ ፈጠነ የሥራ ባልደረባ ነኝ፣ ከእስራኤል።» ሲዋሹኝ የኖርኩ ሰው ዋሸሁ፣ ምላሴም አልተያዘም። «ዓርብ ሲደውልልህ ምን ተባባላችሁ?»

«ጋሽ ጋቢ ልከውህ ነው?» አለ ልጁ። «አልነገርኩትም በላቸው። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ጋሼ ይስቅ ነበር። ሥራዬ ሰማይ ማጠብ ሆኗል፣ ስጨርስ የጎንደርን ሰማይ መጥቼ አጥብላችኋለሁ አለኝ። ከዚያ እሷን አገናኘኝ አለ። ምን ልበለው? ተኝታለች አልኩት። እንግዲያው አትቀስቅሳት፣ እሁድ እደውላለሁ አለኝ።»

እትዬ ጥሩአለም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጋሽ ጋቢ ግድግዳውን ተደገፉ።

«እሁድ ስጠብቅ ዋልኩ» አለ አስማረ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ነገራችሁት አይደል? እንዴት ሆነ? ቻለው? እኔ የምፈራው ለእሱ ነው። ከእሱ በቀር ማን ቀረኝ?»

እትዬ ጥሩአለም እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱ።

«አስማርዬ፣ እኔ ነኝ።»

«እትዬ! ጋሼ እንዴት ነው? አገናኚኝ እስቲ።»

«ተኝቷል ልጄ» አሉት። «እንዳልቀሰቅሰው። አንተ እህል ቅመስ፣ እሺ?»

«እሺ እትዬ።»

ስልኩን ዘግተው መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ጋቢ፣ ጎንደር ሽማግሌ የሚሰበስብ ማን አለን? ብቻውን እንዳይሰማ።»

ጋሽ ጋቢ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፤ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ የሚያውቁትን ሰው ስም መናገር ጀመሩ።